ተራኪው የሚያዳምጠውን ሰው ቢያውቀው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ አንዳንዴ ቀኑ ያልፍበታል። እኔ ግን ያለፈበትንም አነባለሁ። በየጊዜው የንባብ ባህላችን ተዳከመ የሚል ጽሑፍ ታወጣላችሁ። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን አንድ የተረሳ ሰው አለ። እጁ ሥራ ይዞ በጆሮው የሚያነብ ሰው ነው። ስለ እሱ ሲጻፍ ስላላየሁ እኔው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዩኒፎርም፣ ቀሚስ፣ የባላገሩን አረንጓዴ ቁምጣ፣ የመጣውን ሁሉ እሰፋለሁ። ዓይኔ መርፌው ላይ፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ሥራ የሌለው ጆሮዬ ብቻ ነው። ድሮ ሬዲዮ ነበር የማዳምጠው፤ አሁን በስልክ የተተረኩ መጻሕፍትን ነው። ሱቄ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትረካ ይሰማል። ቀን ቀን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የሚወዳቸው የስኬት መጻሕፍት አሉ፤ ሰው ራሱን እንዲያሻሽል የሚመክሩት ማለቴ ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደግሞ ተረቶቹ ይከፈታሉ። ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ ስሰማ ቆይቼ አንድ አቋም ያዝኩ። ተራኪው ማን እንደሚያዳምጠው ካወቀ ትረካው ያምራል። ካላወቀ በምንም ዓይነት ማይክሮፎን ቢቀዳ አያምርም።

ይህን ያሳየን ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው እሱ ነው። አማቴ መጽሐፉን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው። ዛሬ መንኩሰዋል፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀታቸው እስከ ዛሬ ሣጥናቸው ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ቤታቸው መጽሐፍ አልገባም። ፊደሉም ቀስ በቀስ ጠፋቸው። እንዲህም ሆኖ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያነሡ የሚያውቁትን ጎረቤት የሚያሙ ነው የሚመስሉት። ለጉዱ ካሳ ያዝናሉ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ታሪኩ የእኛው የጎጃም ነው፣ ደራሲውም የእኛው ሰው ናቸው። ወጋየሁ የመድረክ ተዋናይ ስለነበር ድምፁን ለማን እንዴት እንደሚሰጥ ያውቅበታል። አይጣደፍም። ዝም የሚልበትን ቦታ ያውቃል። እማሆይ "አጠገባችን ተቀምጦ የሚያጫውተን ነበር የሚመስለው" ይላሉ።

ደግሞስ በጆሮ መማር ለጎጃም መቼ አዲስ ሆኖ ያውቃል? ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራን፣ ደብረ ኤልያስን አስቡ። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ነው የሚይዘው። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስና ዲማ ተምረዋል። አንዳንድ ደንበኞቼ መጽሐፍ መስማት እንደ ማንበብ አይቆጠርም ይሉኛል። አልቀበላቸውም። ከመምህሩ ሰምቶ ቅኔ የሚቀኝን ሰው እዚህ አገር አልተማረም የሚለው የለም።

ወደ ስኬት መጻሕፍቱ ልምጣ። እነዚህን መጻሕፍት ማጣጣል አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። እኔን ግን ጠቅመውኛል። ዴል ካርኒጊ የተባለው አሜሪካዊ ስለ ሰው አያያዝ የጻፈውን በአማርኛ ሰምቻለሁ። የሰውን ስም ያዝ፣ በስሙ ጥራው ይላል። ከዚያ ወዲህ የልኬት ደብተሬ ላይ ከወገቡና ከትከሻው ቁጥር ጎን የደንበኛውን ስም ከነልጆቹ እጽፋለሁ። ገበሬው ከርመው ሲመጡ "አያ፣ ያች ትንሿ ልጅዎ ትምህርት ገባች?" ብዬ በስሟ ስጠይቃቸው ፊታቸው ይበራል። ከባዱን ሥራ ጠዋት ጨርሰው የሚለውንም ከእነዚሁ የስኬት መጻሕፍት ነው ያገኘሁት፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ እንኳ አሁን አላስታውስም። ለኔ ከባዱ የቁልፍ ቀዳዳ ነው። አሁን ጨርቅ ቆርጬ አዲስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የትናንቱን ቀዳዳ ሁሉ እጨርሳለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ገቢና ወጪውን መመዝገብ ጀምሯል። ማንም ሳይነግረው፣ ሰምቶ ብቻ።

ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳስበኝ? አንድ ቀን ከጮቄ በኩል የመጡ ገበሬ የልጃቸውን ዩኒፎርም ሊወስዱ ሱቅ ገቡ። ካውያው እስኪግል አረፍ አሉ። ስልኩ ይተርካል። ከበስተኋላው ልብ የሚያስደነግጥ ከበሮ አለ። ተራኪው ይጮኻል። ለድህነትህ ተጠያቂው አንተው ራስህ ነህ፣ አስተሳሰብህን ቀይር፣ ኪስህም ይቀየራል እያለ። ሰውዬው ጥቂት አዳመጡና "እታለም፣ ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው?" አሉኝ።

"ማንንም አይደለም አያ፣ መጽሐፍ ነው" አልኳቸው።

"የማዳበሪያን ዋጋ ያውቀዋል? ገብስ በረዶ ሲመታውስ አይቷል?"

የምመልሰው አጣሁ። ዩኒፎርሙን ተኩሼ፣ አጥፌ ሰጠኋቸው። ጥያቄያቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ልኬቱ ሳይወሰድ የተሰፋ ኮት ማለት ይህ ነው። ጨርቁ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ክንዱ ግን አይገባም።

ኋላ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ደንበኛዬ ስለ ካርኒጊ መጽሐፍ አጫወተኝ። የታተመው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በጣሊያን ወረራ ሥር የነበርንበት ጊዜ ማለት ነው። ሰውዬው ኒው ዮርክ ውስጥ ለአዋቂዎች በሰው ፊት መናገርን ያስተምር ነበር። አሜሪካ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢኮኖሚ ቀውስ ተመትታ ሥራ አጡ በዝቶ ነበር። የሚጽፈው ለዚያ ከተማ ሰው ነው፤ ነጋዴ፣ ሻጭ፣ የቢሮ ሠራተኛ። ይህን ሳውቅ መጽሐፉን ይበልጥ ወደድኩት። ለዚያ ሰው የተባለውን ከኔ ኑሮ ለይቼ፣ የሚሆነኝን መርጬ መውሰድ ቻልኩ። የአማርኛው ትረካ ግን ከዚህ አንዱንም አልነገረኝም። ስለዚህ አሳታሚዎችንም ተራኪዎችንም እለምናለሁ። ትረካው ሲጀምር መጽሐፉ መቼ፣ የት፣ ለምን ዓይነት ሰው እንደተጻፈ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩን። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከወር ደመወዝህ ይህን ያህል ቆጥብ የሚለውም ምክር አለ። የወር ደመወዝ ያለው ይጠቀምበት። የእኔ ገንዘብ ግን በየወሩ አይመጣም። መስከረም ላይ በዩኒፎርም ይመጣል። ጥር ላይ በጥምቀትና በሠርግ ይመጣል። ሁዳዴን ሙሉ ሠርግ የለም። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ክረምት ላይ ባላገሩ እርሻው ላይ ነው፤ ሱቁ ጭር ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገቢ የሚሠራው ዕቁብ ነው። ሁለተኛውን የስፌት መኪናዬን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ዕቁብን እንዴት ለሥራ ማስፋፊያ መጠቀም እንደሚቻል፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ድግስ ላይ ሳይጨርስ እንዴት እንደሚይዘው የሚያስረዳ ትረካ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ስለ ወንፈልም አልሰማሁም። ጎጃም ውስጥ ሰው ብቻውን አርሶ፣ ብቻውን አጭዶ አያውቅም። ከችግር የወጣው አንዱ ለአንዱ ጉልበት እያዋሰ ነው። ይህንን አንድ የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው፣ ሌላው ቢተርከው፣ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሡ የሚልም አለ። እዚህ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ከዚያ ቀድማ ነው የምትነሣው። እሷን የቸገራት መነሣቱ አይደለም፤ መቼ ጎኗን እንደምታሳርፍ ነው። ስለ ዕረፍት የሚናገር አንድ ረጋ ያለ ትረካ አግኝቼ ለጎረቤቴ በብሉቱዝ ላክሁላት። ለሆቴል እንጀራ የምታስረክብ ሴት ናት። ምጣዱ አጠገብ ሆና ሰማችው። ማታ ስንገናኝ "ይሄኛው ያውቀኛል" አለችኝ። ተራኪዋ አትጮኽም፤ ከበሮም የላትም። ደክሞሽ ይሆናል ብላ ነው የምትጀምረው። እንዲህ ዓይነት ሲገኝ ለሰው ሁሉ መላክ ያምረኛል።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርትም በብዙ ቦታ ተስተጓጎለ። ልጆች ቤት ዋሉ። ያን ጊዜ ቀድሞ ስልክ ላይ የነበሩት ጥቂት ተረቶች በሜሞሪና በብሉቱዝ ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር። ወንድሜ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ለሰፈሩ ልጆች ሜሞሪ እየሞላ ይሰጥ ነበር። ሴቷ ልጄ አንዱን ተረት ተራኪው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር በቃሏ ያዘችው። መምህር ባልነበረበት ጊዜ ልጆቼን አማርኛ ያስተማራቸው ያ ድምፅ ነው። ስለዚህ የልጆች ትረካ ማለት ልጅ ዝም ማሰኛ ነው ሲባል ስሰማ ይከፋኛል። ሥራው የመምህር ሥራ ነው። እንደ መምህር ሥራም ሊታሰብበት ይገባል።

ወንድሜ ያሳየኝ አንድ ነገር አለ። አንድ ሰዓት ንባብ በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚይዝ ጥራት ቢቀዳ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለሰው ድምፅ ይበቃል፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። በ128 ሲሆን እጥፍ ይሆናል። በ320 ሲሆን 144 ሜጋባይት ይደርሳል። በሜሞሪ ለሚቀባበል፣ ዳታ ቆጥቦ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። አነስ ያለውንም አዘጋጁልን። ደግሞ በተረት መሃል ማስታወቂያ አታስገቡ። ልጅ ልቡ ተንጠልጥሎ እያለ ሳሙና ግዛ ማለት ነውር ነው።

ተረቶቹን በቅርብ ልያቸው። አምስት ዓመት የሆነው ልጄ የሚወደው እመት ጦጢት አያ ጅቦን አታልላ ከሥጋው የምታባርርበትን ነው። በስልኩ ሰማው። ተረቱ ሲያልቅ ተራኪዋ ልጆች ከዚህ ምን ተማራችሁ ብላ ጠየቀች። ትንፋሽ ሳትወስድ ራሷ መለሰች፤ ስግብግብነት መጥፎ መሆኑን ተምረናል አለች። ልጄ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው። "ጅቡ ራቱን በላ?" አለ። ስልኩ ወደሚቀጥለው ተረት አልፏል። ልጁ ስልኩን አንሥቶ "ራቱን በላ ወይ?" ብሎ ደግሞ ጠየቀ። እማሆይ ከመደብ ላይ ሆነው "በላ እንጂ ልጄ። ሲመሽ ወንዝ ዳር አጥንት አገኘ" አሉት። ያኔ ተኛ።

ይህን ያየ ሰው የልጆች ትረካ ምን እንደጎደለው ይገባዋል። ባገራችን ተረት አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራው ነገር ሆኖ አያውቅም። ተራቹ "ተረት ተረት" ሲል ልጆቹ "የላም በረት" ይላሉ። ሲያልቅ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይባላል፤ ተራው ወደ ልጁ ይዞራል። በስልኩ ትረካ ላይ "የላም በረት" የሚሉበት ፋታ የለም። ልጆቼ ከተራኪዋ ጋር እየተሻሙ ነው የሚመልሱት። እንቆቅልሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጠይቃ ወዲያው መልሱን ትናገራለች። አገር ስጠኝ የት ሄደ? ለልጅ ከመልሱ ይልቅ የሚጥመው አገር መስጠቱ ነው። ልጄ አዲስ አበባን ይሰጣል፣ ባሕር ዳርን ይሰጣል፣ ጎንደርን ይሰጣል። ደብረ ማርቆስን ግን ስጥ ሲሉት እምቢ ይላል። ያን ሁሉ የሚያስብበት ጥቂት ሰከንድ ዝምታ ነው የሚያስፈልገው። ወጪ የለውም። ተራኪው ዝም ይበል፤ ይበቃል።

አባባ ተስፋዬ ይህን ያውቁበት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉ እኔም ቴሌቪዥን ያለበት ጎረቤት ቤት መሬት ላይ ተቀምጬ አቤት እል ነበር። ፊታቸው ልጆች ተቀምጠዋል፤ ልጆቹን እያዩ ነው የሚያወሩት። አንድም ቀን ድምፃቸውን አቅጥነው እንደ ሕፃን አላወሩንም። ዛሬ ግን ብዙ ተራኪዎች ይህን ያደርጋሉ። ሴቷ ልጄ አንዷን ሰምታ "እማ፣ ትልቅ ሰው አይደለችም እንዴ? ለምን እንደ ልጅ ታወራለች?" አለችኝ። ልጅ ትልቅ ሰው እንደ ትልቅ ሰው ሲያወራው ነው የሚከበርለት።

ስለ ጅቡ ድምፅም ልናገር። አንዱ ትረካ ላይ የጅብ ጩኸት አስገብተዋል። ተረቱን ለማሳመር እንደሆነ ይገባኛል። ጅብን በሥዕል ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ያስቀው ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ጅብ ማታ ከከተማው ዳር የሚጮኽ አውሬ ነው። ትንሹ ልጄ ያን ትረካ በመኝታ ሰዓት ሰማ። ቆየት ብሎ እውነተኛው ሲጮኽ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። እማሆይ አያ ጅቦን ሲተርኩ ጅቡን ቂል አድርገው፣ ድምፁን ሞኛሞኝ አድርገው ነው። ልጁ የሚፈራውን አውሬ በተረት እየሳቀበት ይለምደዋል። ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም።

የውጭ ተረት አይምጣ አልልም። ምድሩ ሁሉ በረዶ ስለለበሰበት አገር ሲሰሙ የልጆቼ ዓይን ይፈጣል፤ ይስሙ። ግን እማሆይ የሚያውቁትን ያህል ተረት በድምፅ ተቀድቶ አላገኘሁም። ወንድሜ በስልክ ሊቀዳቸው ሞክሮ ነበር፤ የምድጃው ጭስና የጎረቤት ዶሮ ሁሉ አብሮ ገባበት፤ ልጆቼ ግን እሱኑ ደጋግመው ይከፍቱታል። ትረካ የምታዘጋጁ ሰዎች እባካችሁ ወደዚህ ውጡ። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፤ በየቦታው እንደ እማሆይ ያሉ አሉ። ጥሩ መቅጃ ይዛችሁ፣ ልጆች ፊታቸው አስቀምጣችሁ ቅዱ። ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ከተቀመጡ ተረቱ ይሸሻቸዋል። የሚገባቸውንም ክፈሏቸው፤ ስማቸውንም ጻፉ።

ስለ ክፍያ ካነሣሁ፣ እኔ በስልክ ከሚደርሱኝ ትረካዎች ብዙዎቹ የደራሲ ስም የላቸውም። የተርጓሚም፣ የተራኪም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ይላል። እኔ የሰው ጨርቅ ወስጄ ለሌላ ብሰፋ ሌባ ነኝ። ጥሩ ትረካ በቴሌብር በሚከፈል ዋጋ፣ አንዴ አውርጄ ያለ ኢንተርኔት የምሰማው ሆኖ ከመጣ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። እንደኔ የሚያስቡ ብዙ ሠራተኞች አሉ፤ ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ፣ የአባይን በረሃ የሚወርድና የሚወጣው ሾፌር።

ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ አዲስ መጻሕፍት በምትጽፉበት ገጽ ላይ ለትረካዎችም ጥግ ስጡልን። ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደተረከው፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት እንደሚገዛ፣ የልጆች ከሆነ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ጻፉ። የስኬት መጽሐፍ ከሆነ ለማን የተጻፈ እንደሆነ ጨምሩበት። የልጆቹን ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ለልጆች አሰሟቸውና እነሱ ያሉትን እንዳለ አስፍሩልን። ደብረ ማርቆስ ብቅ ካላችሁ የኔ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ነው የሚያመሹት፤ ሰምተው የመሰላቸውን ይነግሯችኋል።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊዋ
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም